«ክሬዲት ካርድ የዕዳ ገመድ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አሜሪካ በምንኖር የአማርኛ አንባቢዎች መካከል ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ «ክሬዲት ካርድ የዕዳ ገመድ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአራት ሰዎች ደርሶኛል። ከአራቱ አንዷ የእህቴ ልጅ ስትሆን፣ ጽሑፉን የላከችልኝ «ጋሼ፣ እንግዲያው ካርዴን ልዝጋው ወይ?» ከሚል ጥያቄ ጋር ነው። ይህን ምላሽ ለመጻፍ ያነሳሳኝ የእርሷ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የጽሑፉ ምክሮች በተግባር ቢውሉ ሰውን ከዕዳ ከማውጣት ይልቅ ተጨማሪ ወጪ ውስጥ የሚከቱ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ክሬዲት ካርድ ሰውን ዕዳ ውስጥ ለመክተት የተሠራ ስለሆነ ተቆርጦ መጣል አለበት፤ ለዕለት ግብይት ዴቢት ካርድ ይበቃል፤ ክሬዲት ስኮርም (ሰው ብድሩን ምን ያህል እንደሚከፍል የሚገምተው ነጥብ) ባለገንዘቦች ለራሳቸው ጥቅም ያወጡት ቁጥር እንጂ ለሠራተኛ ሰው የሚፈይደው ነገር የለም ይላሉ። ካርድ መያዝ ግድ ለሆነበት ሰው ደግሞ አራት ምክሮች ይሰጣሉ፦ ስኮር እንዲያድግ በየወሩ ትንሽ ዕዳ ማሳደር፣ ሲቸግር ሚኒመም ፔይመንቱን (ባንኩ በወሩ ቢያንስ ይህን ክፈሉ የሚለውን ትንሹን ክፍያ) ብቻ መክፈል፣ ስኮርን ደጋግሞ አለማየት፣ ዕዳው የተጠናቀቀ ካርድን ወዲያው መዝጋት። በመጨረሻም ስሙ ለተበላሸበት ሰው በክፍያ የብድር መዝገቡን የሚያጸዱለት ድርጅቶች እንዳሉ ይጠቁማሉ፤ ለሌላ ሰው ብድር መፈረም አደገኛ መሆኑንም ያስጠነቅቃሉ።

ጸሐፊውን ያስነሳቸው ቁጭት እውነተኛ መሆኑን እቀበላለሁ። የአብዛኞቹ ካርዶች ዓመታዊ ወለድ ዛሬ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ወለዱ የሚሰላውም በቀን ስለሆነ የትናንቱ ወለድ ራሱ ዛሬ ወለድ ይወልዳል። በሁለትና በሦስት ካርድ ዕዳ እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን እኔም በቅርብ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የሚያስከፍለው ካርዱን መያዝ ሳይሆን ዕዳውን ማሳደር ነው። በስቴትመንቱ (ባንኩ በየወሩ በሚልከው የሂሳብ መግለጫ) ላይ የተጻፈውን ሙሉ ሂሳብ እስከ መክፈያው ቀነ ገደብ የሚከፍል ሰው ለገዛው ዕቃ አንድ ሳንቲም ወለድ አይጠየቅም፤ የ2009ኙ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የክሬዲት ካርድ ሕግም ባንኩ ስቴትመንቱን ከቀነ ገደቡ ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ እንዲልክ ያስገድደዋል። እነዚያ ቀናት በሕግ የተሰጡን ጊዜ ናቸው።

ዴቢት ካርድ ይሻላል የሚለው ደግሞ በተለይ ከስርቆት አንጻር ሲታይ የተገላቢጦሽ ነው። ክሬዲት ካርድ ተሰርቆ ያለፈቃድ ቢገለገሉበት፣ የባለቤቱ ኃላፊነት በፌዴራል ሕግ ከ50 ዶላር አይበልጥም። በዴቢት ካርድ ግን የሚወስነው የምናመለክትበት ፍጥነት ነው፤ መጥፋቱን ባወቅን በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካመለከትን 50 ዶላር፣ ከዘገየን እስከ 500 ዶላር፣ ስቴትመንቱ በተላከልን በ60 ቀን ውስጥ ሳናመለክት ከቀረን ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ሁሉ በእኛ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከዚህም በላይ በዴቢት ካርድ የሚሰረቀው ለቤት ኪራይ ያስቀመጥነው የራሳችን ገንዘብ ሲሆን፣ በክሬዲት ካርድ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚጉላላው የባንኩ ገንዘብ ነው። ካርድ በእጁ ሲገባ ወጪውን መግታት ያልቻለ ሰው ግን ዴቢት ካርድ ቢይዝ ጥሩ አደረገ እላለሁ፤ ራስን ማወቅ ከማንኛውም ሕግ የበለጠ ጥበቃ ነውና በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

«ስኮር ለሠራተኛ ሰው አይፈይድም» ለሚለው፣ ስኮሩ ምን እንደሚለካ ማወቅ ይቀድማል። በስፋት የሚታወቀው የፋይኮ ስኮር በ1956 የተቋቋመው ፌር አይዛክ የተባለ ኩባንያ በ1989 ለአጠቃላይ አገልግሎት ያወጣው ሲሆን፣ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ደመወዝም ሆነ የባንክ ተቀማጭ በስሌቱ ውስጥ የለም። 35 በመቶው ዕዳን በወቅቱ ከመክፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው ካለብን ዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው ከታሪኩ ርዝመት፣ የቀረው ከአዳዲስ ማመልከቻዎችና ከብድር ዓይነቶች ስብጥር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሰው 800 ሊኖረው፣ ሀብታሙም 600 ላይ ሊቀር ይችላል። የሚፈይደውን ለማየት አንድ የቤት ብድር ብቻ እንውሰድ፦ 300,000 ዶላር ለ30 ዓመት በ6.5 በመቶ የተበደረ ሰው በወር ወደ 1,896 ዶላር ሲከፍል፣ በ7.5 በመቶ የተበደረው ወደ 2,098 ዶላር ይከፍላል። ልዩነቱ በብድሩ ዘመን ከ72,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን ገንዘብ አምጦ የሚከፍለው ያው ሠራተኛው ሰው ነው። አከራዮች መዝገቡን ያያሉ፤ በብዙ ስቴቶች የመኪና መድን ድርጅቶችም ዋጋ ሲተምኑ ይጠቀሙበታል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱት አንድ ቅሬታ ተገቢ ነው። በአገሩ ዕድሜውን ሙሉ ብድሩን ሳያጓድል የከፈለ ሰው እዚህ ሲመጣ እንደ ባዶ ወረቀት ይቆጠራል፤ ለፋይኮ ስኮር ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ ሂሳብ ያስፈልጋልና። ይህ ለአዲስ መጪ ሰው ከባድ መሆኑን አልክድም። መፍትሔው ግን መዝገቡን መሸሽ ሳይሆን፣ ለምሳሌ መያዣ ገንዘብ ተቀምጦ በሚሰጥ ካርድ መጀመር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ፤ ስኮር እንዲያድግ ትንሽ ዕዳ ማሳደር ወደሚለው። ይህን ምክር ከጽሑፉ በፊትም በየቡና ጠረጴዛው ሰምቼዋለሁ፤ የእህቴ ልጅም ላለፉት ወራት ስትሠራበት ኖራለች። ጥያቄዋ ሲደርሰኝ ስቴትመንቷን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳትና አብረን መስመር በመስመር አነበብነው። የካርዷ ሊሚት (ልትጠቀምበት የምትችለው ጣሪያ) 1,000 ዶላር፣ ወለዱ 24 በመቶ፣ ስቴትመንቱ የተዘጋበት (የወሩ ሂሳብ የተደመረበት) ቀን በወሩ በ3፣ የመክፈያው ቀነ ገደብ በ28 ነው። ያለፈው ወር ሂሳቧ 870 ዶላር ነበር፤ 770 ዶላሩን ስቴትመንቱ በደረሳት በአምስተኛው ቀን ከፍላ 100 ዶላሩን «ለስኮር» ብላ አሳደረችው። በወረቀቱ ግርጌ፣ በትናንሽ ፊደል፣ የተጠየቀችው ወለድ 11 ዶላር ከ40 ሳንቲም ተጽፏል።

ልጅቷ በጣም ደነገጠች። ባሳደረችው 100 ዶላር ላይ ብቻ ቢሆን የወሩ ወለድ 2 ዶላር ነበር የሚሆነው። ሰው የማያውቀው ነገር፣ ከሂሳቡ አንዲት ክፍል እንኳ ከቀነ ገደቡ ካለፈች ያ ያለወለድ የተሰጠው ጊዜ እንደሚቀር ነው። እርሷ ደግሞ ለወራት ስታሳድር ስለኖረች፣ የከፈለችው 770 ዶላር ሳይቀር እስከተከፈለበት ቀን ድረስ ወለድ ይቆጠርበታል፤ በወሩ ውስጥ የገዛቻቸው አዳዲስ ዕቃዎችም ከተገዙበት ዕለት ጀምሮ ወለድ ይታሰብባቸዋል። በዚህ አካሄድ በዓመት ወደ 137 ዶላር ትከፍላለች ማለት ነው፤ ለዚህ ክፍያ በስኮሯ ላይ የተጨመረላት አንዳች ነገር የለም። ስኮሩን የሚያሰላው ቀመር ወለድ መክፈሏንና አለመክፈሏን አያይም።

ታዲያ ይህ ምክር ከየት መጣ? በእኔ ግምት ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተደባልቀው ነው። ባንኩ የሰዎችን የብድር ታሪክ ለሚይዙት ለሦስቱ የመዝገብ ድርጅቶች፣ ማለትም ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውቀው ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን የነበረውን ባላንስ (ያልተከፈለ ሂሳብ) ነው። በዚያ ቀን ካርዱ ላይ ትንሽ ባላንስ መታየቱ ካርዱ በሥራ ላይ መሆኑን ስለሚያሳይ ከዜሮ ትንሽ የተሻለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል፤ ለጸሐፊው የምተውላቸው የእውነት ቅንጣት ይህ ነው። ነገር ግን በስቴትመንት ላይ መታየት ሌላ፣ ከቀነ ገደብ በኋላ ማደር ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ምንም አይከፈልበትም፤ ለሁለተኛው ወለድ ይከፈልበታል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር አለ። የእህቴ ልጅ አንድም ቀን ዘግይታ ሳትከፍል ስኮሯ ለምን ዝቅ እንዳለ ሲያስጨንቃት ቆይቷል። መልሱ በዚያው ወረቀት ላይ ነበር። ከ1,000 ዶላር ሊሚት ውስጥ 870ው ሲታይ 87 በመቶውን ተጠቅማለች ማለት ነው፤ ስኮሩም ይህን እንደ ጭንቅ ምልክት ይቆጥረዋል። ያንኑ 770 ዶላር በ8 ሳይሆን በ3 ከመዘጋቱ በፊት ከፍላ ቢሆን ኖሮ የሚታየው 100 ዶላር፣ ማለትም 10 በመቶ ብቻ ይሆን ነበር። የምታወጣው ገንዘብ አንድ ነው፤ የተለወጠው የክፍያው ቀን ነው። በስፋት የሚሠራባቸው የስኮር ዓይነቶች ደግሞ ያለፈውን ወር የአጠቃቀም መጠን ስለማያስታውሱ፣ በሚቀጥለው ወር ዝቅ ሲል ስኮሩ ይመለሳል። ስለዚህ ቤት ወይም መኪና ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ከማመልከቱ በፊት ባሉት አንድ ሁለት ወራት ይህን ቀን ቢከታተል ይጠቀማል፤ በሌላው ጊዜ ብዙ መጨነቅ አያሻም።

ስለ ሚኒመም ፔይመንት ጸሐፊው «እርሱን እስከከፈላችሁ ድረስ ሰላም ናችሁ» ብለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ሚኒመሙን በወቅቱ የከፈለ ሰው ከዘግይቶ መክፈል ቅጣት ይድናል፤ በመዝገቡም ላይ ጥቁር ነጥብ አይጻፍበትም። ጨርሶ ከመቅረት እጅግ ይሻላል። ሰላም ግን አይደለም፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው። በ24 በመቶ ወለድ 5,000 ዶላር ያለበትን ሰው እንመልከት። ሚኒመሙ የወሩ ወለድና የዋናው ዕዳ 1 በመቶ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 150 ዶላር ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 100 ዶላሩ ወለድ ነው። አዲስ ነገር ሳይገዛ እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ቢከፍል በጠቅላላው ወደ 1,704 ዶላር ያወጣል፤ ዋናው ዕዳ የሚቀንሰው ግን በ568 ዶላር ብቻ ነው። ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድ ሚኒመሙም አብሮ ስለሚቀንስ መጨረሻው ይርቃል። ይኸው ሰው በወር 250 ዶላር ቆርጦ ሳይቀንስ ቢከፍል ግን ወደ 26 ወር ገደማ ይጨርሳል፤ ጠቅላላ ወለዱም 1,450 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ይህን ስሌት ራሱ ባንኩ በየስቴትመንቱ ላይ እንዲያሳይ የ2009ኙ ሕግ አስገድዶታል፤ ሚኒመሙን ብቻ ቢከፍሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚገልጽ ሠንጠረዥ አለ። እባካችሁ ያችን ሠንጠረዥ ሳታዩ አትለፉ።

እግረ መንገዴን፣ ወጥመድ ከተባለ ጽሑፉ ሳይጠቅሳቸው የቀሩ ሁለት የባሱ አሉ። አንደኛው ካርዱን በገንዘብ ማውጫ ማሽን አስገብቶ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ወለዱ ብዙውን ጊዜ ከግዢው ይበልጣል፣ ያለወለድ የሚቆይበት አንድ ቀን እንኳ የለውም። ሁለተኛው የሱቅ ካርዶች «ለ12 ወር ያለወለድ» የሚሉት ነገር ነው። ውሉ ላይ ወለዱ የዘገየ ነው የሚል ከሆነ፣ በ12ኛው ወር መጨረሻ 50 ዶላር እንኳ ቢቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ወለድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጫናል። ለወለድ ነፃና ለዘገየ ወለድ የሚወጡት ማስታወቂያዎች በጣም ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ውሉ ሲነበብ ነው።

ስኮርን አለማየትን በተመለከተ ጸሐፊው «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። በዚህ ጉዳይ ግን መርዶው የሚመጣው ሳይጠይቅ በቀረው ሰው ላይ ነው። የራስን ስኮርም ሆነ ሪፖርት (የብድር መዝገቡን ቅጂ) ማየት ነጥብ አይቀንስም። ትንሽ የሚቀንሰው አበዳሪ ለአዲስ ብድር ማመልከቻ መዝገቡን ሲመረምር ነው፤ ይህም በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ቢቆይም ፋይኮ የሚቆጥረው የአንድ ዓመቱን ብቻ ነው። ሦስቱም ድርጅቶች አንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ በየሳምንቱ ነፃ ሪፖርት ይሰጣሉ።

የጽሑፉን ምክሮች ሳያቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሁሉም ሰውን ከወረቀቱ ያርቁታል። ካርዱን ቁረጥ፣ ስኮሩን አትይ፣ ሚኒመሙን ክፈልና እለፍ፣ ዝጋና እርሳ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይህ የበለጠ ጉዳት አለው። ስማችን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ዓይነት ይጻፋል፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝም ሙሉ ስማቸው የሚመሳሰል ብዙ ሰዎች አሉ። የአንዱ ዕዳ በሌላው መዝገብ ላይ ቢጻፍ፣ ሪፖርቱን ካላየ በቀር ባለቤቱ የሚያውቀው ብድር የተከለከለ ዕለት ነው። በ2017 ኢኩዊፋክስ በተዘረፈ ጊዜ ወደ 147 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች መረጃ መውጣቱም መዘንጋት የለበትም። በፈረንጆች ከመስከረም 2018 ጀምሮ መዝገብን ማስቆለፍ (ክሬዲት ፍሪዝ፣ ማለትም አዲስ አበዳሪ መዝገቡን እንዳያይ ማገድ) በመላው አሜሪካ ነፃ ሆኗል፤ ለሦስቱም ድርጅቶች ለየብቻ ማመልከትን ግን ይጠይቃል። ስኮርን አይቀንስም፤ በሌላ ሰው ስም ካርድ ለማውጣት የሚሞክረውን ያግደዋል።

ካርድ ስለመዝጋት ብዙ አልልም። ሁለት ካርድ ያለው፣ አንዱ 1,000 ሌላው 4,000 ዶላር ሊሚት ያለው፣ በትንሹ ላይ ደግሞ 900 ዶላር ያለበት ሰው ከጠቅላላ ሊሚቱ የተጠቀመው 18 በመቶ ነው፤ ትልቁን ሲዘጋ በአንድ ቀን 90 በመቶ ይሆናል። በሌላ በኩል፣ የተዘጋ ጥሩ ሂሳብ በመዝገብ ላይ እስከ 10 ዓመት ስለሚቆይ ታሪኩ ወዲያው ይጠፋል የሚሉም ያጋንናሉ። ዓመታዊ ክፍያ የሚያስከፍል ካርድ ከሆነ መዝጋት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ባንኩን ክፍያ ወደሌለው ካርድ ቀይሩልኝ ብሎ መጠየቅ ግን ይቅደም።

መዝገብ ያጸዳሉ የተባሉትን ድርጅቶች መጠቆማቸው ግን በእውነት አሳዝኖኛል። አንድ ወዳጄ ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት አስቀድሞ ገንዘብ ከፍሎ ነበር። ድርጅቱ እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም ዕዳ «የእኔ አይደለም» እያለ የተቃውሞ ደብዳቤ አዘነበ፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ለጊዜው ተነሥቶ፣ አበዳሪው ማረጋገጫ ሲልክ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ተጻፈ። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ እነዚህ ድርጅቶች ሥራውን ሳይፈጽሙ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ትክክለኛና ጊዜው ያላለፈ መረጃን በሕጋዊ መንገድ ማስፋቅ የሚችል ማንም የለም። ዘግይቶ መክፈልና መሰሉ ጽሑፍ በአብዛኛው ከ7 ዓመት በኋላ፣ ምዕራፍ 7 የሚባለው ኪሳራ (በፍርድ ቤት ዕዳ የሚሰረዝበት መንገድ) ከ10 ዓመት በኋላ በራሱ ይወጣል። መረጃው ስሕተት ከሆነ ደግሞ ማንም ሰው ራሱ በነፃ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል፤ የመዝገብ ድርጅቱም በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት።

ለሌላ ሰው አትፈርሙ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እንዲያውም ጸሐፊው ያላሉትን ልጨምርበት። ለወንድምም ሆነ ለወዳጅ ብድር የፈረመ ሰው ምስክር ሳይሆን ተበዳሪ ነው። ዋናው ተበዳሪ ሲያዘገይ የሁለቱም መዝገብ ይበላሻል፤ አበዳሪውም ሙሉውን ዕዳ ከፈራሚው መጠየቅ ይችላል። ዘመድን ለመርዳት የፈለገ ሰው፣ የራሱን አከፋፈል የሚተማመንበት ከሆነ፣ በካርዱ ላይ እንደ ተጨማሪ ተጠቃሚ የዘመዱን ስም ማስገባት ይችላል። በዚህ መንገድ የካርዱ መልካም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በዘመዱ መዝገብ ላይም ይጻፋል፤ የዕዳው ኃላፊነት ግን በባለካርዱ ላይ ይቆያል። ካርዱን በእጁ መስጠት እንኳ ግዴታ አይደለም።

ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ካርድሽን አትዝጊው፤ ከወሩ 3 በፊት አብዛኛውን ክፈይ፣ የቀረውን እስከ 28 ጨርሺው፣ ለስኮር ብለሽ የምታሳድሪው ሳንቲም አይኑር አልኳት። ሙሉውን ከከፈለች በኋላም በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ ጥቂት ወለድ ብታይ እንዳትደነግጥ ነገርኳት፤ እርሱ ስቴትመንቱ ከተዘጋበት ቀን አንሥቶ እስከ ከፈለችበት ቀን ድረስ የተቆጠረ ቀሪ ወለድ ነው። እርሱንም ከፍላ አንድ ሁለት ወር ሙሉ ሂሳቧን በወቅቱ ስትዘጋ፣ ያለወለድ የሚሰጠው ጊዜ ይመለስላታል።